ሲልቪያ ፓንክረስት በአሮጌ ጥራዞች ውስጥ

አዲስ አበባ ውስጥ በሲልቪያ ፓንክረስት ስም የተሰየመ ጎዳና አለ። ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጎራ ያለ ሰውም መቃብራቸውን በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ አርበኞች ባረፉበት ስፍራ ያገኘዋል። ስለ እሳቸው የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ከሁለት አንዱን ነው፤ አንድም የጃንሆይ ወዳጅ የነበሩ እንግሊዛዊት ናቸው ይላል፣ አንድም የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እናት ናቸው ይላል። ሁለቱም ልክ ነው። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ግን የሚቀርበን ሦስተኛው መልስ ይመስለኛል። ሲልቪያ ፓንክረስት የጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያ ጋዜጣቸውን ካወጡ ጀምሮ በ1960 እስከሞቱ ድረስ፣ መሐል ላይ ካለው የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ክፍተት በስተቀር፣ አንድ የሚያዘጋጁት ነገር ከእጃቸው ጠፍቶ አያውቅም ማለት ይቻላል።

እኔ ወደ እሳቸው የሄድኩት በኮርስ ምክንያት ነው። የመገናኛ ብዙኃን ታሪክ ስንማር የተሰጠን ተርም ፔፐር ከሞተ ረጅም ዘመን የሆነው አንድ የፕሬስ ሰው መርጠን፣ ከተቻለ ራሱ ካሳተመው ነገር ተነሥተን እንድንጽፍ የሚል ነበር። ከተቻለ የምትለዋን ቃል አብዛኞቻችን በደስታ ነው የተቀበልናት፤ ካልተቻለ ኢንተርኔት አለ ማለት ነውና። እኔን ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የወሰደኝ እውነት ለመናገር ጉጉት ብቻ ነው። አንድ ጋዜጣ ለሃያ ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ለንደን ውስጥ ሲታተም ኖረ የሚለውን ሰምቼ፣ ሃያ ዓመት ምን ተጻፈ? የሚል ጥያቄ አደረብኝ።

መሄድ ለምታስቡ ጥቂት ልንገራችሁ። ከትምህርት ክፍል የትብብር ደብዳቤ መያዝ ጥሩ ነው፤ መታወቂያም እንዳትረሱ። ቦርሳ በር ላይ ይቀራል፣ ደብተርና እርሳስ ይዞ መግባት ነው። መጽሐፉ እንደ ኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ከመደርደሪያ በእጅ የሚነሣ አይደለም። ከካታሎጉ መለያ ቁጥሩን ፈልጎ፣ ቅጽ ላይ ጽፎ፣ ሰጥቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሲመጣ ደግሞ የሚመጣው መጽሐፍ ሳይሆን እንደ መሶብ ክዳን የሰፋ የተጠረዘ የጋዜጣ ጥራዝ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዝ ጠርዙ ይፈረፈራል። ገጽ የሚገለጠው በሁለት እጅ፣ ከላይ ጥግ በኩል ቀስ ተብሎ ነው። ይህን ያሳዩኝ በዕድሜ የገፉ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናቸው። ጋሼ ሁለት ገጽ ገልጠው ካሳዩኝ በኋላ ሦስተኛውን እኔ ስገልጥ ቆመው አዩኝና፣ ምንም ሳይሉ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቤተ መዛግብት የሰውን ሕይወት በቅደም ተከተል አያቀርብም። እኔ መጀመሪያ እጄ ላይ የገባው የሲልቪያ የእርጅና ሥራ የሆነው ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ነው፤ ቀጥሎ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ። የወጣትነት ዘመናቸውን ያገኘሁት ከሁሉም በኋላ፣ ራሳቸው ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት ትግል እ.ኤ.አ. በ1931 ካሳተሙት መጽሐፍና ልጃቸው በ2003 ስለ እናታቸው ካሳተሙት ጥናት ነው። ሕይወታቸውን ከጀርባ ወደ ፊት አነበብኩት ማለት ነው። እዚህ ግን ለአንባቢ እንዲመች ከፊት ልጀምር።

እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 ማንቸስተር ተወለዱ። አባታቸው ሪቻርድ የሕግ ሰው ነበሩ፤ ለሴቶች መብት ገና ማንም ደፍሮ በማይናገርበት ዘመን የተናገሩ ሰው ናቸው። እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት ደግሞ ዓለም የሚያውቃቸው የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት ታጋይ ናቸው። ሲልቪያ የተማሩት ሥዕል ነው። ማንቸስተር፣ ከዚያም ለንደን በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት። በ1903 እናትና ታላቅ እህታቸው ክሪስታቤል የሴቶችን ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ የማኅበሩን አርማና ዓርማ ያለባቸውን ዕቃዎች የነደፉት ሲልቪያ ነበሩ። በ1907 በፋብሪካና በእርሻ የሚሠሩ ሴቶችን እየዞሩ ሣሉ። ሠዓሊ ሆነው ቢቀሩ ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

እስር ቤት የገቡት መጀመሪያ በ1906 ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደገቡ መቁጠር ያደክማል። በ1913 የረሃብ አድማ ሲያደርጉ በጎማ ቱቦ በግድ ይመገቡ ነበር። ያ ምን ማለት እንደሆነ ራሳቸው የጻፉትን ማንበብ ይሻላል፣ እኔ ማሳጠር አልፈልግም። በዚያው ዓመት መንግሥት አዲስ ሕግ አወጣ፤ በረሃብ የደከመችውን እስረኛ ይለቅቃትና ስታገግም መልሶ ይይዛታል። ሕዝቡ ይህን የድመትና የአይጥ ሕግ አለው። ሲልቪያ በዚህ ሕግ ሲያዙና ሲለቀቁ ከረሙ።

የለንደን ምሥራቅ ክፍል ያኔ የድሆች ሠፈር ነው። የወደብ ሠራተኞች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ክብሪት ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች። ሲልቪያ እዚያ ገብተው ማደራጀት ያዙ። እናትና እህት ግን ማኅበሩ ከሠራተኛው ፓርቲ ጋር እንዲነካካ አልፈለጉም። በ1914 መጀመሪያ ክሪስታቤል ፓሪስ ጠርተው ከማኅበሩ መውጣታቸውን ነገሯቸው። እህት እህቷን አባረረች። የመጀመሪያው ጋዜጣ ዉማንስ ድሬድኖት የወጣው ከዚህ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ማርች 8 ቀን 1914 ነው። ድሬድኖት የትልቅ የጦር መርከብ ስም ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ በረሃብ አድማ ደክመው ሳለ በሰው ተይዘው ፓርላማው በር ላይ ተኙ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር አስክዊዝም የምሥራቅ ለንደን ሴቶችን መልእክተኞች ለመቀበል ተስማሙ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እናትና እህት ከመንግሥት ጎን ቆሙ። ሲልቪያ ጦርነቱን ተቃወሙ። ባሎቻቸው ለዘመቱባቸው ሴቶች ርካሽ ምግብ ቤት ከፈቱ፣ የአሻንጉሊት ፋብሪካ አቋቋሙ። የጠመንጃ ሠሪዎች ይባል የነበረ መጠጥ ቤት ተከራይተው ስሙን የእናቶች ብለው የሕፃናት ማቆያ አደረጉት። በ1917 ጋዜጣው ስሙን ወርከርስ ድሬድኖት ብሎ ለወጠ። በዚያው ዓመት ጁላይ ባለቅኔውና መኮንኑ ሲግፍሪድ ሳሱን ጦርነቱን በመቃወም የጻፉትን መግለጫ ያተመው ይህ ጋዜጣ ነው። በ1920 ደግሞ ክሎድ ማኬይ የተባሉትን የጃማይካ ባለቅኔ ሪፖርተር አድርገው ቀጠሩ። ማኬይ አንድ ትልቅ የሠራተኞች ዕለታዊ ጋዜጣ በጥቁር ወታደሮች ላይ ያወጣውን ጽሑፍ ተቃውመው የጻፉትን ደብዳቤ ያ ጋዜጣ አላትም ሲል፣ ድሬድኖት አተመው። ጥቁር ሰው በእንግሊዝ ጋዜጣ ቤት ተቀጥሮ መጻፍ ብርቅ በነበረበት ዘመን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በኋላ የሚመጣውን ለመፍረድ ይጠቅማልና። በ1920 ሲልቪያ ሞስኮ ሄደው በኮሚንተርን ሁለተኛ ጉባኤ ተገኙ። ሌኒን በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ፓርላማ ውስጥ መግባት አያስፈልግም በሚለው አቋማቸው ነቅፏቸዋል። ከሞስኮ ሲመለሱ በጋዜጣቸው ላይ በወጡ ጽሑፎች ምክንያት አመፅ ቀስቅሰዋል ተብለው ተከሰሱና ስድስት ወር ተፈረደባቸው። እስር ቤት ወረቀት ስለተከለከሉ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ግጥም ጻፉ፤ በ1922 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ከእስር ሲወጡ አዲሱ የእንግሊዝ ኮሚኒስት ፓርቲ ጋዜጣውን ለፓርቲው እንዲያስረክቡ ጠየቃቸው። አላስረክብም አሉ። ተባረሩ። በአጭሩ፣ ጋዜጣቸውን ለእናታቸውም፣ ለመንግሥትም፣ ለፓርቲም አሳልፈው ያልሰጡ ሰው ናቸው። ድሬድኖት በ1924 ገንዘብ አጥቶ ተዘጋ።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት የቤት ዓመታት ናቸው። ሲልቪዮ ኮሪዮ ከሚባሉ ከጣሊያን ተሰድደው የመጡ አናርኪስት ጋር ይኖሩ ነበር፤ ኮሪዮ የኅትመት ባለሙያና ጸሐፊ ነበሩ። በ1927 ዲሴምበር ሪቻርድ ተወለደ። ሲልቪያ በሃይማኖትም ሆነ በሕግ ለመጋባት ፈቃደኛ አልነበሩም። ይህ እናታቸውን ክፉኛ አስቆጣ፤ ኤመሊን በቀጣዩ ዓመት ሳይታረቁ ሞቱ። የሚያሳዝነው ነገር፣ ሴቶች ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት ያገኙትም በዚያው በ1928 ነው።

ሲልቪያ ፋሺዝምን ያወቁት ከጋዜጣ ሳይሆን በዓይናቸው ነው። በ1919 ቦሎኛ በተደረገ የሶሻሊስቶች ጉባኤ ተገኝተው ነበር። በ1924 ሙሶሊኒን በፓርላማ ያጋለጡት ማቴዎቲ ሲገደሉ፣ ሲልቪያ ለሚስትየው የሚቆም ዓለም አቀፍ የሴቶች ኮሚቴ በ1932 አቋቋሙ። በሚኖሩበት ዉድፎርድ ደግሞ የአየር ድብደባን የሚቃወም ሐውልት አሠሩ፤ የድንጋይ ቦምብ ነው፣ አፍንጫው ወደ መሬት የተተከለ። ሐውልቱ የቆመው በ1935 ነው። በዚያ ዓመት የጣሊያን አውሮፕላን የማንን አገር ይደበድብ እንደነበር ለእናንተ መንገር የለብኝም።

አሁን ወደ ጥራዙ እንምጣ። የኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የመጀመሪያ ቁጥር የተጻፈበት ቀን እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936 ነው። በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ባዶልዮ አዲስ አበባ የገባበት ቀን። ለሲልቪያ 54ኛ የልደት ቀናቸው ነው። ዓለም ሁሉ የኢትዮጵያ ነገር አለቀለት ባለበት ዕለት ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ መጀመር! ልብ በሉ፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ አዲስ አበባ ተመለሱ።

ጃንሆይ በግንቦት 1928 ዓ.ም. በስደት ለንደን ሲገቡ ሲልቪያ ከተቀበሏቸው መሐል ነበሩ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲገናኙ፣ እኔ ዘውድ የማልቀበል ሪፐብሊካን ነኝ፤ የምደግፍዎ ንጉሥ ስለሆኑ ሳይሆን የቆሙለት ነገር እውነት ስለሆነ ነው የሚል ቃል እንደነገሯቸው ይተረካል። ጃንሆይም ይህን አውቃለሁ ብለው ተቀበሉት ይባላል። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ከነበሩት ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጋር አብረው ይሠሩ ነበር። ኮሪዮም በኅትመቱም በጽሑፉም ያግዙ ነበር።

ጋዜጣው ምን ይመስላል? በየሳምንቱ የሚወጣ፣ ዓምዱ የተጣበበ፣ ፊደሉ ያነሰ ነው። ፎቶግራፍ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ዜና ከጅቡቲና ከሌላም ቦታ በሚደርሱ ደብዳቤዎች ይሞላል፤ የአርበኞች ውጊያ፣ የመርዝ ጋዝ፣ የጄኔቫ ክርክር። ከጎኑ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት አለ፣ ከጀርመን የሚሰደዱ አይሁዶች ጉዳይ አለ። ሲልቪያ ኢትዮጵያን ለብቻዋ አላዩዋትም። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ወሬ በዚህ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ የብዙ አገር መንግሥታት ጣሊያንን ላለማስቀየም ዝም ያሉበት ጊዜ ነበር። በየጊዜው ደግሞ አንድ የማይጠፋ ነገር አለ፤ ገንዘብ አጠረን፣ እርዱን የሚል ጥሪ። እኔ ይህን ጥሪ ማንበብ እንደ ዋናው ዜና ሆኖብኝ ነበር። ጋዜጣ በሐሳብ ብቻ እንደማይቆም ከሌክቸር ይልቅ ከዚያ ይገባል።

አሁን አስቸጋሪው ጥያቄ ይመጣል። እኛ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የምንማረው ሚዛናዊነትን ነው። ሁለቱንም ወገን ጠይቅ፣ ስሜትህን አውጣው። በዚህ መለኪያ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ ወደቀ! የጣሊያንን ወገን አይጠይቅም። አንዳንዱ የጦር ሜዳ ዜና ለማመን የሚከብድ ድል ይዟል፤ ከሩቅ በደብዳቤ የመጣ ወሬ ማጣራት እንዴት ይቻላል? በኋላ የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት ከፍተን ብናስተያየው የማይገጥም ነገር እናገኛለን። ስለዚህ ይህን ጋዜጣ ለታሪክ የሚጠቀም ሰው እያንዳንዱን ዜና ከሌላ ምንጭ ጋር ማገናዘብ አለበት፤ ጋዜጣ ስለሆነ ብቻ እውነት ነው ማለት አይቻልም።

በሌላ በኩል ግን የዚያን ዘመን ሚዛናዊ የተባሉትን ጋዜጦች አስቡ። ሁለቱንም ወገን ጠየቁ እንበል። አንደኛው ወገን ቴሌግራፍም፣ ቢሮም፣ የጋዜጣ መግለጫም አለው። ሌላኛው ጫካ ነው ያለው። ወራሪው በየቀኑ መግለጫ ሲሰጥ አርበኛው ወረቀት የለውም። ሁለቱን እኩል ጠየቅን ማለት አንዱን ብቻ መስማት ይሆናል። ሲልቪያ ለዚያ ወረቀት ለሌለው ወገን ወረቀት ሆኑ። ወገንተኛ ነበሩ ወይ? አዎ፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ በግልጽ። ያልደበቁት ወገንተኝነት አንባቢን አያታልልም፤ የሚያታልለው የተደበቀው ነው የሚል ሐሳብ እኔ ይዣለሁ። በክፍል ውስጥ ስንወያይ ያልተስማሙኝ ልጆች አሉ፤ እነሱም ጥራዙን ገልጠው ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ነጻነት ሲመለስ ጋዜጣው አላቆመም። ብዙዎቻችን የማናውቀው ክፍል ይህ ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ሲልቪያ የተሟገቱት ከገዛ አገራቸው መንግሥት ጋር ነው። እንግሊዝ ኦጋዴንን ይዛለች፣ ኤርትራን ታስተዳድራለች፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ወታደራዊ አስተዳደሯ እንደ ልቡ ይናገራል። ሲልቪያ ይህን በየሳምንቱ ይነቅፉ ነበር። በምጽዋ የሚገኙ የወደብ ዕቃዎችና ሕንፃዎች በእንግሊዞች ሲፈርሱና ሲጋዙ በ1952 እ.ኤ.አ. በራሪ መጽሐፍ አሳትመው አጋለጡ። የእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ይከታተላቸው እንደነበር በኋላ ለሕዝብ ከተከፈቱት መዝገቦች ታውቋል፤ ባለ ሥልጣናቱ እኚህን አስቸጋሪ ሴት እንዴት ዝም እናሰኛቸው እያሉ ይጻጻፉ ነበር። የናዚ ጀርመንም እንግሊዝን ቢወር ሊያስራቸው ካዘጋጃቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ነበረበት። የለንደንም የበርሊንም መዝገብ ውስጥ መግባት ቀላል አይደለም።

በጽሑፍ ብቻ አልቀሩም። በለንደን ነርስነት ተምረው የነበሩት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ሲያርፉ፣ ሲልቪያ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ እንግሊዝ ውስጥ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል ነው። ታክሲ ላይ ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች እያለ ረዳቱ ሲጣራ ከስሙ በስተጀርባ ይህ ሁሉ ደብዳቤና ልመና መኖሩን ማን ያስባል?

ኮሪዮ በ1954 እ.ኤ.አ. ሞቱ። በ1948 ዓ.ም. ክረምት ሲልቪያ በ74 ዓመታቸው ዕቃቸውን ጠቅልለው ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ያ ጋዜጣ በሃያ ዓመቱ ቆመ፤ በምትኩ ወዲያው በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለው ወርኃዊ መጽሔት ተጀመረ። ሰባ አራት ዓመት የሞላው ሰው ጡረታ ነው የሚያስበው፤ እሳቸው አዲስ መጽሔት ጀመሩ። ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ኢትዮጵያ ሴቶች፣ ስለ ጥንት ሥዕሎችና አብያተ ክርስቲያናት ይጽፋል። ፎቶግራፉ ብዙ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካ፣ ሆስፒታል ለማየት ለሚፈልግ ሰው ዛሬም ውድ ምንጭ ነው።

ነገር ግን መናገር ያለብኝ አለ። ባነበብኳቸው የኦብዘርቨር ቁጥሮች ውስጥ የጃንሆይን መንግሥት የሚሞግት ጽሑፍ አላጋጠመኝም። ጭሰኛው የለም። ፓርላማው ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው አይጠየቅም። በ1920 በጻፉት የታሰሩት፣ ጋዜጣዬን ለፓርቲ አልሰጥም ያሉት ሴት፣ ንጉሥ ፊት ሪፐብሊካን ነኝ ያሉት ሴት፣ እዚህ የሚያሳዩን የሚሠራውን ብቻ ነው። ለምን? የእንግድነት ይሉኝታ ነው እንበል? ወይስ በአምስት ዓመት ጦርነት የፈረሰች አገር ስትገነባ ማየት ለእሳቸው በቂ ሆኖ? ወይስ ኢትዮጵያን ለማጥላላት የሚፈልግ ብዙ ነው፣ እኔ ለዚያ መሣሪያ አልሆንም ብለው? ሦስተኛው ለእውነቱ ይቀርባል ብዬ እገምታለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ኢትዮጵያ ራሷን ማስተዳደር አትችልም ከሚሉ ሰዎች ጋር ሲሟገቱ ነው የኖሩት። ይሁን እንጂ ለዚያ ወረቀት ለሌለው ወገን ወረቀት ሆኑ ብዬ ካመሰገንኳቸው፣ በ1950ዎቹ ወረቀት ያልነበረው ኢትዮጵያዊ ጭሰኛ እንደነበር መዝለል አልችልም። ማክበርና መዝለል አንድ አይደለም።

የሞቱት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ በ78 ዓመታቸው ነው። ጃንሆይ በተገኙበት በክብር ተቀበሩ፤ ለቀብራቸውም ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጣቸው። በሃይማኖት ላለመጋባት ከእናታቸው የተጣሉ ሴት በሥላሴ ደጃፍ በክርስትና ስም ማረፋቸው ይገርማል። ሦስት ወር ሳይሞላ በታኅሣሥ የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ብዙ ሹማምንት ተረሸኑ። ኦብዘርቨር በሲልቪያ እጅ ቢሆን ኖሮ ያን ወር ምን ይጽፍ ነበር? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ጥራዝ የለም።

ከዚያ በኋላ ጃንሆይ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እዚያ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሲልቪያ ልጅ ሪቻርድ ፓንክረስት ሆኑ። ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኮይናትስኪ አደራጁ። የሪቻርድ ባለቤት ሪታ ፓንክረስትም የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው ለዓመታት ሠርተዋል። ኦብዘርቨርን ከእናታቸው ሞት በኋላ ባልና ሚስቱ እስከ አብዮቱ ዋዜማ ድረስ አዘጋጁት። ይህን ሳላውቅ ነበር ጥራዞቹን የጠየቅኩት። የእናትየውን ጋዜጣ ያነበብኩት ልጅየው ባቋቋሙት ተቋም ውስጥ መሆኑን የተረዳሁት ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን የደራሲ ታሪክ ሳነብ ነው።

የቀረው የሲልቪያ ወረቀት ተበታትኖ ይገኛል። ደብዳቤዎቻቸው፣ ረቂቆቻቸውና የወጣትነት ሰነዶቻቸው በብዛት አምስተርዳም በሚገኘው ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ታሪክ ተቋም ናቸው። ለንደን ውስጥም በብሪቲሽ ላይብረሪና በብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ፤ የስለላው መዝገብ የሚገኘው በሁለተኛው ነው። የእኛ አገር ተማሪ ሊደርስበት የሚችለው የኢትዮጵያን ዘመን ነው፤ እሱም ቢሆን ወረቀቱ በየዓመቱ እየደረቀ ነው። በዲፓርትመንታችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጡ ልጆች ካሉ፣ በኒው ታይምስ ላይ የየካቲት 12 ዘገባ በየሳምንቱ እንዴት እንደተለወጠና ከሌሎች የለንደን ጋዜጦች ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሚመስል ቢያጠኑ አንድ ሴሚስተር አይበቃቸውም። እኔ ከ1929 ዓ.ም. ቁጥሮች የደረስኩት እስከ ግንቦት ነው።

ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ ሲታገሉ ኖረው በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ ለማየት በቁ። በየካቲት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አርፈው፣ እሳቸውም በቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ።